የኛይ ኖራና የቪኝ ጉርጦች

ዝናቡ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ የዋለበት ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት በሚያልፈው መንገድ ላይ ሞተር ሳይክሎች ጭቃ እየረጩ ይከንፋሉ፤ የሩዝ ጆንያ የጫነ አለ፣ ከኋላው አሳማ ጠፍሮ ያሰረ አለ፣ ከገበያ የሚመለስ አለ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አንዲት አሮጊት ከመንገዱ ዳር ወጣችና እጇን ዘርግታ ቆመች። ሞተሮቹ በግራና በቀኝ እየተጠማዘዙ አለፏት። አንዱ ጎረምሳ «እማማ፣ መሞት ካማረዎት ወንዙ ቅርብ ነው!» ብሎ ጮኸባት።

ዞር ብላም አላየችው። ሾጣጣ የቅጠል ባርኔጣዋን ከራሷ ላይ አወለቀች፣ ገልብጣ መንገዱ ላይ አስቀመጠችና አንድ ነገር በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ ገፋች። ከዚያ ባርኔጣውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሽበቷ በዝናብ እየራሰ፣ ወደ ማዶው ቦይ ተሻገረች። ጎንበስ ብላ አዘነበለችው። ከውስጡ የወጣው ጉርጥ ነበር፤ መዳፍ የሚያህል፣ ጀርባው በኪንታሮት የተሞላ ተራ ጉርጥ። ሣሩ ውስጥ እስኪገባ ቆማ ጠበቀችው።

ይህን የሚጽፈው ጎረቤቷ ከብስክሌት ጠጋኙ ዳስ ሥር ተጠልሎ ነበርና ሁሉንም አየ። አይቶም ተገረመ። ያቺ ሴት ኛይ ነበረችና። ኛይ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ጉርጥ በመጥረጊያ ከደጇ ስታባርር የኖረች ሴት መሆኗን በመንደሩ የማያውቅ የለም።

ኛይ የተወለደችው ጀልባ ላይ ነው። ወላጆቿ ከወንዙ እስከ ባሕሩ አፍ መረብ እየጣሉ የሚኖሩ ነበሩ፤ መኝታቸውም፣ ማድቤታቸውም፣ የእመቤታችን ሥዕል የተሰቀለበት ግድግዳቸውም ያችው ጀልባ ነበረች። ጀልባ ላይ ቆሻሻ የሚደበቅበት ጥግ የለም። የዓሣ ቅርፊት ካደረ ይሸታል፣ ከሰነበተ ያሳምማል። ስለዚህ ገና እግሯ ሳይጸና ወለል በወንዝ ውሃ ማጠብ ተማረች። ቅጠል የሚባል ነገር ከላይ ወርዶ ሰው ደጅ ላይ እንደሚተኛ ያወቀችው ካገባች በኋላ ነው።

ያገባት ቪኝ የመሬት ሰው ነበር፤ ከቤቱ ጀርባ የሰናፍጭ ጎመንና ሽንኩርት እየተከለ ለገበያ የሚያቀርብ፣ ቀልድ የሚወድ ዘገምተኛ ሰው። በሠርጉ ማግስት አክስቶቹ ጓሮ ተቀምጠው ዳክዬ እየነጩ ሲያሟት ሰማች።

«የጀልባ ልጅ ናት እኮ፤ አልጋው ካልተወዛወዘላት እንቅልፍ አይወስዳትም» አለች አንደኛዋ።

«ቪኝ ምን ሥራ አለው? ይወዝውዝላት!» አለች ሌላዋ፤ ተሳሳቁ።

«እሱስ ይሁን። መሬት ረግጣ የማታውቅ ሴት እንዴት አድርጋ ቤት ትይዛለች ነው የምለው።»

ኛይ በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል ተነስታ የቀርከሃ መጥረጊያዋን አነሳችና ግቢውን ከደጃፍ እስከ አጥር ጠረገች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን መጥረጊያ አላስቀመጠችውም። ሻ፣ ሻ፣ ሻ የሚለው ድምፅ ከደወሉ በፊት መንደሩን ይቀሰቅስ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ እነዚያው አክስቶች ሴት ልጆቻቸውን «የኛይን ግቢ አታዪም? ሩዝ ቢደፋበት አንስተሽ ትበዪዋለሽ» እያሉ ይቆጧቸው ጀመር። ኛይም ይህን ስትሰማ ልቧ ሞቅ ይላት ነበር። ሰው የሚኮራበትን ነገር እግዚአብሔር አይንፈገው፤ የእሷ ኩራት ያ ባዶ፣ ጠንካራ፣ ንጹህ መሬት ነበር።

ጋኑን የሰበረችው በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነው። የዓሣ መረቅ የሚብላላበት ትልቅ ጋን ሲሆን ወላጆቿ ከጀልባቸው አውርደው የሰጧት ብቸኛ የሠርግ ስጦታ ነበር። ስታጥበው ከእጇ አመለጠና አፉ ድረስ ተሰነጠቀ። ተቀምጣ አለቀሰች። ቪኝ ከጓሮ መጣ፣ ጋኑን አየ፣ እሷን አየ።

«አታልቅሺ፤ አትጣይውም» አላት። «እንግዳ አስተናግድበታለሁ።»

ጋኑን ተሸክሞ ከአጥሩ ግድግዳ ሥር በጎኑ አስተኛው፣ ግማሹን በአፈር ቀበረው፣ ውስጡን እርጥብ ጭቃና ቅጠል ሞላው፣ አፉ ላይ የተሰበረ የጣሪያ ሸክላ እንደ በር አቆመበት። አጠገቡ አሮጌ የብረት ሳህን አስቀምጦ ውሃ ጨመረበት። በሳምንቱ ገደማ ምሽት ላይ ኛይን ጠራት። ከጋኑ አፍ ሁለት የሚያብረቀርቁ ዓይኖች ያዩአታል።

«ይሄ ነው እንግዳህ?» አለች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ።

«በአያቶቻችን ተረት ጉርጥ ማለት የሰማዩ ጌታ አጎት ናቸው፤ ስማቸውን በክብር ጥሪ።»

«አጎትየው ሰማይ ቤት ይሂዱ። እኔ ጋ ምን አላቸው?»

«ዝናብ የሚለምኑልን እሳቸው ናቸው።»

«ዝናብ በመቁጠሪያዬ እለምናለሁ።»

«በመቁጠሪያሽ ለምኚ» አለ ቪኝ እየሳቀ። «ጎመንሽን ከቀንድ አውጣ የሚጠብቁልሽ ግን እሳቸው ናቸው። ይልቅ ጎንበስ ብለሽ ሰላም በዪ።»

ሰላም አላለችም። ክርክሩ በዚያ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አላቆመም። በመጨረሻ ግቢውን ተካፈሉት፤ ከውሃው ገንዳ እስከ ደጃፍ የእሷ፣ ከገንዳው እስከ ግድግዳው የእሱ። በእሱ በኩል ቅጠሉ እንደወደቀ ይበሰብሳል፣ አረሙ በየጥጉ ይተዋል፣ ጎመኑ ላይ መርዝ አይረጭም። በእሷ በኩል ሣር አይበቅልም። ጉርጦቹ ግን ድንበር አያውቁም። በዝናብ ወራት የደጃፉ መብራት ነፍሳት ሲሰበስብ እየዘለሉ ይመጡና እሷ በመጥረጊያዋ እየገፋች ታባርራቸዋለች፤ ቪኝ ከኋላዋ እየተከተለ በመዳፉ ያነሳቸዋል። «ይቅርታ ያድርጉላት አጎቴ» ይላል ለጉርጡ። «የውሃ ልጅ ናት፣ የመሬት ወግ አልገባትም።»

ምሽት ሲል ዱካ ላይ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ድምፃቸውን ይጠብቃል። አንዱ ከጋኑ ውስጥ ክርር፣ ክርር ሲል ይደሰትና እሷን በልጃቸው ስም ይጠራታል።

«ሰማሽ የካይ እናት? ጥርሳቸውን እያፋጩ ነው። ነገ ልብስ አታስጪ።»

«የጉርጥ ጥርስ ሰምቼ ልብሴን አላስቀርም» ትላለች። ጠዋት ግን ልብሱን ሳታወጣ ትውላለች፤ ዝናቡም ይመጣል። አንድም ቀን «ልክ ነበርክ» ብላው አታውቅም።

ልጃቸው ካይ አድጎ ወደ ሃኖይ ሄደ፤ ፋብሪካ ገባ፣ አገባ። ሁለቱ አረጁ። መጥረጊያውም ጋኑም በየቦታቸው ነበሩ።

ቪኝን ስትሮክ የመታው በዓመቱ መጨረሻ፣ በብርዱ ወር፣ የሽንኩርቱን መደብ ሲኮተኩት ነው። ሻዩን ይዛ ስትመጣ አፈሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኘችው። ካይ ከሃኖይ በርሮ መጣና ወደ ናም ዲን ከተማ ሆስፒታል ወሰዱት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኑና ምላሱ ግን አልተረፉም። ኛይ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ሰነበተች። የአዲስ ዓመቱ በዓል፣ ቴት፣ ሲቃረብ ካይ እንዲህ አላት።

«እማዬ፣ ሐኪሞቹ ለቴት ቤቱ ይግባ ብለዋል። እኔ እሱን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺ ቀድመሽ ሂጂና ቤቱን አዘጋጂለት።»

ደስ እያላት ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ አልጋውን ከመስኮቱ አጠገብ አደርገዋለሁ፣ ቀና ሲል ነጭ ነገር ይይ፤ በሽታም ጨለማም ያላየ ቤት ይቀበለው። በመንደራቸው ቴት ቆሽሾ አይጠበቅም። ሰው ሁሉ ኖራ ይገዛል፣ በጋን ይበጠብጣል፣ ግድግዳውን ይቀባል፣ የዛፉን ግንድ እስከ ወገቡ ያነጣል። የተረፈውን ደግሞ ጉንዳንና በሽታ እንዳይወጣ ብሎ ከግድግዳው ሥር ያፈስሰዋል። እናቶች ያደረጉት ነው፤ አያቶችም ያደረጉት ነው።

ኛይ የእሷን በኩል ከጨረሰች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳውን አልፋ ወደ ቪኝ ክፍል ገባች። ቅጠሉን ጠርጋ አቃጠለች። አረሙን ነቀለች። እዚያ የቆመውን የትርንጎ ዛፍ ግንድ ቀባች፣ አጥሩን ቀባች፣ ጋኑን ራሱን እንኳ አጥባ ቀባችው። የተረፈውን ወፍራም ኖራ በባልዲ እያመጣች በግድግዳው ሥር ባለው ቀዳዳ ሁሉ፣ በጋኑም አፍ ውስጥ ጨመረች። አንድም ጉርጥ አላየችም። በብርዱ ወራት የት እንደሚገቡ ጠይቃ አታውቅም ነበር። የማይወዱትን ነገር ማደሪያ ማን ይጠይቃል?

ቪኝን በቃሬዛ አስገቡት። ለእንኳን አደረሳችሁ የመጣው ሰው ሁሉ «አቤት ይሄ ቤት! እንደ ሙሽራ ነጭ ሆኗል!» አለ። ቪኝ ከመስኮቱ በኩል ግድግዳውን አየ፣ ጋኑን አየ፣ እንባውም በጆሮው በኩል ወረደ። ኛይ በእጅጌዋ ጠረገችለት። የደስታ እንባ መሰላት።

ብርዱ ሲያልፍና አየሩ ሲለዝብ ቪኝ አንድ ነገር ጀመረ። ምሽት ሲል፣ በግራ እጁ ጥፍር የቀርከሃውን የአልጋ ጠርዝ ይፍቃል። ክርር፣ ክርር። ከዚያ ዓይኑን ወደ እሷ ያዞራል።

«አሳከከህ?» ብላ ጀርባውን አከከችለት። ራሱን ነቀነቀ። ውሃ አመጣች፤ አይደለም። የሽንቱን ዕቃ አመጣች፤ አይደለም። የሩዝ አጥሚት አሞቀች፣ አገለባበጠችው፣ መቁጠሪያውን በእጁ አስያዘችው። መቁጠሪያውን አንገቱ ላይ አስቀመጠና እንደገና ፋቀ። ክርር፣ ክርር።

«እንግዲህ ምን ላድርግህ የካይ አባት? ሁሉን አመጣሁልህ እኮ! ምን ቀረ?» ብላ ተቆጣችው፤ ተቆጥታም ወዲያው ጸጸታት።

እንዲህ እያሉ ብዙ ምሽቶች ካለፉ በኋላ፣ አንድ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ መብራቱ ጠፋ፤ የጎረቤት ቴሌቪዥንም ዝም አለ። ቪኝ ፋቀ። እሷም ከድምፁ በኋላ ያለውን ዝምታ ሰማችው። ለወትሮው በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ወር፣ ከግድግዳው ሥር መልስ ይመጣ ነበር። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ሳትፈልግ ስትሰማው የኖረችው ድምፅ የለም። ያኔ ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

በማግስቱ እሱ ሲተኛ ጠብቃ መኮትኮቻ ይዛ ወጣች። የጋኑን ጭቃ በእጇ እየፈረፈረች አወጣች። ኖራው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከሥሩ፣ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ እንደ ደረቀ ዝንጅብል የተጨማደደ ነጭ ነገር አገኘች። ቀጥላ ሌላ። የግድግዳውን ቀዳዳዎች አልቆፈረችም፤ አቅም አነሳት። ያገኘቻቸውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ከትርንጎው ሥር ቀበረች። ለእንስሳ ጸሎተ ፍትሐት እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን ባዶ እጇን ልትመለስ አልሆነላትም፤ አንድ አጭር ጸሎት ደገመች።

ለቪኝ አልነገረችውም። አመሻሽ ላይ ሲፍቅ፣ እጁን ያዘችና «ሰምቼሃለሁ» አለችው። «አጎትህን ነው የምትጠራው። ዝናቡ ዘግይቷል እኮ። ሲዘንብ ይመጣሉ።»

ቪኝ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ኛይ ከእግዚአብሔር የምትለምነው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ባሏ ጆሮው ሳይዘጋ ያን ድምፅ አንዴ እንዲሰማ። የሐኪሙን ፊት አይታለች፤ ጊዜው ሰፊ እንዳልሆነ ታውቃለች።

የዓሣ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ሩዝ ማሳው ወረደች። ጉርጥ ነክታ የማታውቅ ሴት በቦዩ ዳር ለዳር እየተንበረከከች፣ ፊቷን ወደ ጎን እያዞረች፣ በጨርቅ እየያዘች ወደ ቅርጫቱ ከተተች። የዳክዬ እንቁላል የምትሸጠው ጓደኛዋ ቲን ከብስክሌቷ ሳትወርድ አየቻት።

«ኧረ ኛይ! ምን ልትሠሪ ነው? አምሮሽ ነው ወይስ ለምራትሽ ልትጠብሺላት?»

«ሂጂ ወደ እንቁላልሽ።»

«አልሄድም። የመንደሩ ንጽሕት ጉርጥ ስታቅፍ አይቼ እንዴት እሄዳለሁ? ቆይ ሰው ልጥራ!»

ኛይ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ቲን ሳቋን ዋጠች፣ ብስክሌቷን አስተኝታ ቦዩ ውስጥ ወረደችና ሳትጠይቅ አብራት ትለቅም ጀመር።

ጉርጦቹን ጋኑ ውስጥ አስገብተው በሸክላ ዘጉባቸው። ምሽት ላይ ሸክላውን ከፈተች። ወጡ፣ ዞር ዞር አሉ፣ ተራ በተራ በበሩ ሥር ሾልከው ወደ ማሳው ተመለሱ። ሌሎች አመጣች፤ እነሱም ሄዱ።

«ጉርጥ ዳክዬ አይደለም እቴ፣ ነድተሽ አታስገቢውም» አለቻት ቲን። «ተጎትቶ የመጣ እንግዳ ያድራል እንዴ? ደግሞስ አንቺ ግቢ ውስጥ ምን አለ? እኔ ራሴ ስገባ የምቀመጥበት ጠፍቶኝ ነው የምወጣው። ቪኝ እኮ አልጠራቸውም፤ ቤት ሠራላቸው እንጂ።»

ኛይ ያን ቀን መጥረጊያዋን ከግድግዳው ጋር አስደገፈችው። የነጣውን አፈር በአካፋ እየዛቀች ከግቢ አወጣች፤ ከኩሬው ጥቁር ጭቃ በትከሻ እንጨት ተሸክማ መለሰች። ግድግዳውን በውሃ እያራሰች የቻለችውን ያህል ፋቀችው። ሳህኑን ውሃ ሞላች። ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነበር፤ መጠበቅ ማለት ደግሞ አለመጥረግ ነው። የትርንጎው ቅጠል ወደቀ፤ ተወችው። ሌላው በላዩ ወደቀ። ገንዳውን አልፎ እስከ ደጃፏ መጣ፤ ተወችው። በየጠዋቱ ከደወሉ በፊት ትነቃለች፣ እጇ መጥረጊያውን ይፈልጋል፣ ወደ አልጋው ጠርዝ ትመለስና ትቀመጣለች። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤቷ በእነዚያ ጠዋቶች ያ ሻ፣ ሻ የሚለው ድምፅ ሲጠፋበት «ኛይ ታመመች እንዴ?» ብሎ ሚስቱን ጠየቀ። የማኅበሯ ሴቶች በሽተኛ ሊጠይቁ ሲመጡ ደጃፉ ላይ ቆመው ተያዩ። አንዷ ደግነት መስሏት መጥረጊያውን አነሳች።

«ተይው» አለች ኛይ።

«ምንም አይደለም እኮ እትዬ፣ ቶሎ ነው...»

«ተይው አልኩሽ!»

ሴቶቹ ሲወጡ ቪኝ በመስኮቱ በኩል ደጃፏ ላይ የተከመረውን ቅጠል እያየ ነበር። ከዚያ እሷን አየ። የሚታዘዝለት የፊቱ ግማሽ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተሳበ። እየሳቀ ነበር። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ «ሳቅ! ሳቅ! አሸነፍከኝ!» እያለች በጨርቅ አፉን ጠረገችለት። ያኔ ልትነግረው ነበር። «እኔ ነኝ እኮ፣ ኖራው ነው» የሚለው ቃል አፏ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣ ሳቅ ነውና ልትሰብረው አልፈለገችም። ነገ እነግረዋለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች።

ዝናቡ እምቢ አለ። አባ በቅዳሴ ላይ ስለ ዝናብ ጸሎት አስደረጉ፤ ኛይ ከሁሉም ሰው በላይ ጮክ ብላ አሜን አለች። ሰማዩ ይጠቁርና ተመልሶ ይከፈታል። ቪኝ መፋቁን ቀጠለ፤ በየምሽቱ ግን እጁ እየላላ፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጥፍሩ ቀርከሃውን ይነካል እንጂ አይፍቅም ነበር። አንድ ደረቅ ጠዋት፣ ደወሉ እየተደወለ ሳለ፣ እጁ በእጇ ውስጥ እንዳለ ዐረፈ።

በቀብሩ ቀን የመቃብሩ አፈር አቧራ ነበር። ካይ ሊወስዳት ለመነ፤ «ትንሽ ልቆይ» አለችው።

ነጎድጓዱ የመጣው የመቃብሩ አበባ ገና ሳይጠወልግ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደና ዘነበ፤ ቦዩ ሞላ፣ ቅጠሉ ተንሳፈፈ። ሲያባራ፣ ጀምበሯ ልትጠልቅ ስትል፣ ኛይ የቪኝ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ክርር፣ ክርር።

«መጣሁ፣ መጣሁ» ብላ ተነሳች። የአልጋውን ጠርዝ ነበር የሰማች የመሰላት። ክፍሉ ውስጥ ገብታ ባዶውን ምንጣፍ ስታይ ነው ቆም ያለችው። ድምፁ ከውጭ እንደገና መጣ። ዞራ ወጣች። ከግድግዳው ሥር፣ ከጎረቤት በኩል በሚመጣው ቀዳዳ አጠገብ፣ የጭቃ መስመር ወደ ጋኑ ይሄዳል። ጋኑ አፍ ላይ አንድ ለጋ ጉርጥ ተቀምጦ ጉሮሮው ይመታል። ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ጨርቅ፣ እርጥቡ ቅጠል ላይ ተንበረከከች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ይህን ታውቃለች። እንግዳው መጥቷል፤ አስተናጋጁ ግን የለም። ከሁሉ በላይ የሚያቃጥላት ደግሞ ያ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ በቃሬዛ ገብቶ ነጩን ግድግዳ አይቶ ያነባው እንባ። በብርዱ ወራት ጉርጦቹ የት እንደሚተኙ እሱ ያውቃል። እንግዲያስ ያን ቀን ገብቶት ኖሯል? ገብቶት ነው እየፋቀ ሲጣራ የከረመው? ወይስ ተስፋ አድርጎ ነበር? የሚመልስላት ሰው የለም። «አጎቴ» አለች ቀስ ብላ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በዚያ የዝናብ ወቅት አንዱ ሁለት ሆነ፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ከቦዩ ማዶ እየተሻገሩ የሚመጡትንም መንገድ ላይ ስታገኝ፣ አቅጣጫቸውን አይታ ታሻግራቸው ጀመር። ጎረቤቷ ከጠጋኙ ዳስ ሥር ሆኖ ያያት በዚያ ጊዜ ነው።

ዓመቱ ዞሮ ብርዱ ተመለሰ። ኖራ ሻጮቹ በመንደሩ ውስጥ ጋሪያቸውን እየገፉ ሲጮሁ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኛይ ከግድግዳው ማዶ ተጣራች።

«ጎረቤቴ! አለህ ልጄ?»

«አለሁ እማማ» አለ፤ መጽሐፉን አጥፎ ወጣ። ራሷ ብቻ ከግድግዳው በላይ ይታያል፤ የሆነ ነገር ላይ ቆማለች።

«ኖራ ገዛችሁ አሉ።»

«ባለቤቴ ገዛች። አምና ሳነብ ቴት ደርሶብኝ ሳንቀባ ቀርተን፣ ሰው ፊት አዋርደኸኛል ብላ ዓመቱን ሙሉ ስትረግመኝ ከረመች።»

ኛይ አልሳቀችም። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያም እዚያው ቆማ፣ ከጋኑ መሰበር ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ዝናብ ድረስ ያለውን ሁሉ ነገረችው፤ ከላይ የተጻፈው የነገረችው ነው። ስትጨርስ በኩሏ ቁልቁል አየች። ግቢዋ በወደቀ ቅጠል ተሸፍኗል፤ መጥረጊያው የቆመበት ቦታ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት» አለች። «ከባድ ነው። አውቃለሁ፣ ቴት ነው፣ ሚስትህም ልክ ናት። ሰው የሚያየውን በኩል ቅቡ፤ በሩንም፣ ዛፉንም ቅቡ፣ ያምራል። ይሄን ግድግዳ ብቻ፣ በእኔና በእናንተ መሃል ያለውን... የመጣልኝ በዚህ ሥር ነው፤ አምና አንተ ስላልቀባህ። ለእኔ ስትል ዘንድሮም ስነፍልኝ ልጄ። ሥሩን አትንኩብኝ። ተኝተዋል።»